ከምረቃ በኋላስ? ለመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው የቀረበ ትምህርት



ባለፉት እትሞች ስለ ንጽሕና አጠባበቅና ስለ ራሽን ካርድ እድሳት ስናስተምር ቆይተናል። ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ መጀመሪያ ሲታይ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ገብተው የመጨረሻውን ዓመት ስለሚማሩ ልጆቻችን ነው። ሆኖም ከእያንዳንዱ ተማሪ በስተኋላ ተስፋውን በእርሱ ላይ የጣለ አንድ ቤተሰብ፣ አንዳንዴም አንድ ሙሉ ሠፈር ስላለ፣ አባቶችና እናቶችም ትምህርቱን አብረው እንዲያነቡት ወይም እንዲነበብላቸው እንለምናለን።

ነገሩን ያነሳችብን አንዲት ተማሪ ናት። ናይሮቢ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ አካውንቲንግ ታጠናለች። ለዕረፍት በኪታሌና በሎድዋር በኩል በአውቶቡስ ተሳፍራ ካኩማ በገባች በማግስቱ ወደ ቢሯችን መጣች። ስለ ትምህርቷ ስንጠይቃት ደህና ነው አለች፤ ውጤቷም ጥሩ ነው። ጥቂት ዝም ብላ ከቆየች በኋላ ግን እንዲህ አለችን፦ «አሁን ማን ነሽ ብትሉኝ ተማሪ ነኝ እላለሁ። ከምረቃዬ ማግስት ስትጠይቁኝ ምን ልበላችሁ?»

መልስ አልነበረንም። «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብለን ሸኘናት። ይህ ምክር ሳይሆን ማሰናበቻ ነበር። ከሄደች በኋላ እርስ በርስ ተያይተን አፈርን። ከዚህ በታች የምታነቡት በዚያን ዕለት ልንነግራት ይገባን የነበረው ነው።

ጥያቄው በስደተኛ ላይ ለምን ይከብዳል?

ከምረቃ በኋላ ምን እንደሚሠራ የሚጨነቅ ተማሪ በየአገሩ አለ። የኬንያ ልጆችም ዲግሪያቸውን ይዘው ሥራ ፍለጋ ይንከራተታሉ። ነገር ግን አንድ ኬንያዊ ተመራቂ ሥራ ቢያጣ ወደ ወላጆቹ ቤት ይመለሳል እንጂ የመኖሪያው ሁኔታ አይለወጥም። ስደተኛው ተማሪ ግን ትምህርት ላይ እስካለ ድረስ ተማሪነቱ ብዙ ነገር ይሸከምለታል። ከካምፕ የሚወጣበት የመንቀሳቀሻ ወረቀት የሚሰጠው ተማሪ ስለሆነ ነው። የማደሪያውና የምግቡ ወጪ፣ የመጽሐፍ መግዣው፣ የሚከፈለው ተማሪ ስለሆነ ነው። ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆመው የሚያሳየው የኮሌጅ መታወቂያ አለው። የምረቃው ቀን ሁሉም በአንድ ላይ ያበቃል። ካባውን መልሶ ሲያስረክብ አብሮት የሚያስረክበው ይህን ሁሉ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ የዕድለኛነት ሸክም አለ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ካሉ ለዕድሜው የደረሱ ስደተኞች መካከል ከፍተኛ ትምህርት ውስጥ የነበሩት 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ወደ 15 በመቶ ለማድረስ ግብ ተይዟል፤ ቁጥሩም ከዚያ ወዲህ ጨምሯል። በጀርመን መንግሥት ገንዘብ የሚደገፈውና ዳፊ እየተባለ የሚጠራው የነፃ ትምህርት ዕድል ከ1992 ጀምሮ ብዙዎችን አስተምሯል። ይሁን እንጂ ከአንድ ክፍል ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሱት መካከል ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ዛሬም ጥቂቱ ነው። ያ የተመረጠው ልጅ ያልተመረጡትን የጓደኞቹን ፊት እያየ ያድራል። «ዕድሉን ካገኘህ ወዲያ ምን አስጨነቀህ?» ስለሚባል ጭንቀቱን አውጥቶ ለማንም አይናገርም። ተማሪዋም ለእኛ ከመናገሯ በፊት ለማንም እንዳልተናገረች ነግራናለች።

የወላጆችንም ሐሳብ መረዳት ያስፈልጋል። ዛሬ በዕድሜ የገፉት አባቶቻችን በአገር ቤት የሚያውቁት ሌላ ሥርዓት ነበር። በደርግ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሰው በምደባ ወደ ሥራ ይሄድ ነበር። ጎሬ ይድረሰው ወይም ጎንደር፣ ደስ ይበለው ወይም ይክፋው፣ ብቻ ወንበርና ደመወዝ ይጠብቀው ነበር። ስለዚህ ለአንድ አባት «ተመረቀ» ማለትና «ሥራ ያዘ» ማለት አንድ ቃል ነው። ልጁ ከምረቃ በኋላ ቤት ተቀምጦ ሲያየው ጥፋቱ የልጁ ይመስለዋል።

ከዚያም ቀደም ብሎ የነበረውን ብናስታውስ አይከፋም። እ.ኤ.አ. በ1964 የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል ደንብ አወጣ። ተማሪው ትምህርቱን ሳይጨርስ ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይሄዳል፤ አብዛኛው በመምህርነት ያገለግላል፤ ከዚያ ተመልሶ ይመረቃል። ብዙ ተማሪ ያን ጊዜ አጉረምርሟል። እኛ ግን በደንቡ ውስጥ ለዛሬ የሚሆን አንድ ነገር እናያለን። ሥራው ከምረቃው በፊት መጣ እንጂ ከምረቃው በኋላ አልተጠበቀም። ወደዚህ እንመለስበታለን።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ተማሪ «ስደተኛ በኬንያ መሥራት አይፈቀድለትም» ብሎ ገና ሳይሞክር ይተወዋል። ሌላው ደግሞ «አዲስ ሕግ ወጥቷል፣ አሁን እንደ ዜጋ ነን» ይላል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም።

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የስደተኞች ሕግ በቅጥር ሥራ ረገድ ስደተኛውን እንደ ማንኛውም የውጭ አገር ሰው ይቆጥረው ነበር። በኖቬምበር 2021 የጸደቀውና በፌብሩዋሪ 2022 በሥራ ላይ የዋለው ሕግ ግን አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዷል። ስደተኛነቱ የታወቀለት ሰው ተቀጥሮ የመሥራት፣ የራሱን ሥራ የማቋቋም፣ እንዲሁም በኬንያ የሚመለከታቸው አካላት የሚያውቁት የሙያ ማስረጃ ካለው በሙያው የመሥራት መብት አለው ይላል። እዚህ ላይ ሁለት ቃላትን አስምሩባቸው። አንደኛው «ስደተኛነቱ የታወቀለት» የሚለው ነው። ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ ጥገኝነት ጠያቂ በዚህ አንቀጽ አይሸፈንም። ስለዚህ የቤተሰቡ ፋይል የት እንደደረሰ የማያውቅ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ይጠይቅ። ሁለተኛው «የሚያውቁት ማስረጃ» የሚለው ነው። እዚሁ ኬንያ ውስጥ ዕውቅና ካለው ኮሌጅ የተመረቀ በዚህ ረገድ ተገላግሏል። ዲፕሎማውን ከኢትዮጵያ ወይም ከሌላ አገር ይዞ የመጣ ግን ማስረጃውን ማስመዘንና ማጽደቅ አለበት።

ለቅጥር የሚያስፈልገው ለስደተኞች የተመደበው የ«ኤም» ክፍል የሥራ ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ራሱ ክፍያ የለውም። ከባዱ ነገር ገንዘቡ ሳይሆን ወረቀቱ ነው። ሊቀጥረው የፈለገ አሠሪ ደብዳቤ፣ የስደተኛ መታወቂያ፣ ከኬንያ የስደተኞች አገልግሎት መሥሪያ ቤት የሚሰጥ ማረጋገጫ፣ የትምህርት ማስረጃ ያስፈልጋል። አሠሪ ያለ ፈቃድ አይቀጥርም፤ ፈቃድ ደግሞ ያለ አሠሪ አይገኝም። ዶሮ ከእንቁላል እንቁላል ከዶሮ ሆኖበት ስንቱ ተስፋ ቆርጧል! ሕጉ ወጣ ማለት በየመስኮቱ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያውቀዋል ማለት አይደለም። በማርች 2025 ይፋ የሆነው የሺሪካ ዕቅድም ካምፖቹን ቀስ በቀስ ነዋሪውና ስደተኛው አብረው ወደሚኖሩባቸው ሠፈሮች ለመለወጥ ያለመ ቢሆንም፣ ዕቅድ ነውና ዛሬ ነገ የምረቃ ልብስ ለሚለብስ ልጅ መልስ አድርጎ መቁጠር አይቻልም።

አንዳንድ ሙያዎች ደግሞ ከዚህ በላይ የራሳቸው በር አላቸው። ነርስ በነርሶች ምክር ቤት መመዝገብ አለባት። በኬንያ ትምህርት ቤት ለማስተማር በመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን መመዝገብ ያስፈልጋል። በአካውንቲንግ ካዝኔብ የሚሰጠውን የሙያ ፈተና ያለፈ ሰው ዲፕሎማ ብቻ ካለው ይልቅ ይፈለጋል። ይህን ከምረቃ በኋላ መስማት ዋጋ ያስከፍላል። አሁኑኑ የትምህርት ክፍላችሁን ኃላፊ ጠይቁ።

ያሉት መንገዶች

ከካምፑ የወጣ ተመራቂ ሁሉ ማለት ይቻላል መጀመሪያ የሚያገኘው የኢንሴንቲቭ ሥራ ነው። በትምህርት ቤት፣ በክሊኒክ፣ በድርጅቶች ቢሮ። ስለዚህ ሥራ በግልጽ መናገር እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም ከእኛም መካከል አብዛኞቻችን ይህን ጋዜጣ የምናዘጋጀው በኢንሴንቲቭ ነው። ክፍያው ደመወዝ አይባልም። አንድ ዓይነት ሥራ አብሮን ከሚሠራው ኬንያዊ ባልደረባ ክፍያ ጋር አይወዳደርም። አንድ ዲግሪ ያለው ልጅ ስምንተኛ ክፍል ካቋረጠ ጎረቤቱ ብዙም የማይበልጥ ገንዘብ ሲቀበል ይናደዳል። መናደዱም ተገቢ ነው። «ቢያንስ ሥራ አለህ» ብሎ አፉን ማዘጋት እኛ አንወድም።

ሆኖም ሥራው የሚሰጠው ሌላ ነገር አለ። ሙያውን ያቆያል፤ በማስረጃ የሚቆጠር ልምድ ይሰጣል። ጉዳቱ የሚመጣው ተመራቂው ሳያስበው ሲዘገይበት ነው። አንደኛው ዓመት ሁለተኛውን ይወልዳል፤ በአምስተኛው ዓመት ልጁ ዲግሪውን የት እንዳስቀመጠው ይረሳል። ስለዚህ ኢንሴንቲቭ ስትይዙ የሥራውን ዝርዝር በጽሑፍ ጠይቁ። የተማራችሁትን የሚነካ ሥራ ፈልጉ፤ የሒሳብ ተማሪ የመጋዘን መዝገብ ቢይዝ ይጠቅመዋል፣ በር ቢጠብቅ ግን አይጠቅመውም። በየዓመቱ መጨረሻ የአገልግሎት ደብዳቤ አስጽፉ። አለቆች ይለዋወጣሉ፣ ፕሮጀክቶች ይዘጋሉ፤ ድርጅቱ ከሄደ በኋላ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ አይገኝም። ይህንን በብዙ ሰው ላይ ሲደርስ አይተናል።

ሁለተኛው መንገድ የራስ ሥራ ነው። ካኩማ የንግድ ቦታ መሆኑን የሚጠራጠር ካለ ወደ ኢትዮጵያውያን ሠፈር ብቅ ብሎ ይመልከት። የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት በካምፑና በከተማው ከ2,000 በላይ የንግድ ሥራዎች እንዳሉ ገልጿል። ለተመራቂ ልጅ ዱካ ከፍቶ መቀመጥ ውርደት የሚመስላቸው ወላጆች አሉ። «ለዚህማ መማር ምን ያደርጋል» ይላሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ኋላ ላይ የተማሪዋን አባት ሻይ ቤት ስንተርክ ምክንያታችንን ታያላችሁ።

በትምህርት መቀጠልም አለ፤ ነገር ግን ለሁለተኛ ዲግሪ የሚሆን ዕድል ከመጀመሪያው በጣም ያነሰ ነው። በወርልድ ዩኒቨርሲቲ ሰርቪስ አማካይነት ከ1978 ጀምሮ ወደ ካናዳ የሚወስደው ፕሮግራም ሁለተኛ ደረጃ ለጨረሱ ወጣቶች የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ለታናናሾቻቸው ይንገሩ እንጂ ለራሳቸው አይቁጠሩት።

መጠበቅ

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን እናንሳ። ብዙ ተመራቂ ከላይ ከተጠቀሱት አንዱንም አይመርጥም። ይጠብቃል። «ፕሮሰሳችን ተጀምሯል፤ የሚጀምሩት ነገር የለም፣ ዛሬ ነገ እንሄዳለን» ይባላል።

ከባልደረቦቻችን አንዱ ከዓመታት በፊት ዲፕሎማውን ይዞ ተመለሰ። ቤተሰቡ ቃለ መጠይቅ ተጠርቶ ስለነበር ሥራ መያዝ ለአንድና ለሁለት ወር አላስፈላጊ መሰለው። አራት ዓመት ጠበቀ። ስለ ራሱ ሲናገር እንዲህ ይላል፦ «እንግሊዝኛዬ ሄደ። ኮምፒዩተር ላይ እጄ ሰነፈ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ ሰው ምን ትሠራለህ ሲለኝ መቆጣት ጀመርኩ።» በመጨረሻ ጉዳዩ አልተሳካም። ቢሳካም እንኳ፣ ይለናል፣ አራት ዓመት ሙሉ ምንም ያልሠራ ሰው ይዞ ይሄድ ነበር።

እዚህ ላይ በካምፑ ውስጥ የተስፋፋ አንድ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። ዲግሪ ሪሴትልመንት አያስገኝም። የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ሰዎችን ለሦስተኛ አገር የሚያቀርብባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፦ የሕግና የአካል ደኅንነት ሥጋት፣ ከግፍና ከሥቃይ የተረፉ ሰዎች ሁኔታ፣ ሕክምና፣ አደጋ ላይ ያሉ ሴቶችና ልጆች፣ ከቤተሰብ ጋር መገናኘት፣ ሌላ ዘላቂ መፍትሔ አለመታየት። የትምህርት ደረጃ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ምርጫውም ቢሆን የመጨረሻ ውሳኔው የተቀባዩ አገር ነው። አሜሪካ በጃንዋሪ 2025 የስደተኞች ቅበላ ፕሮግራሟን ስታግድ የበረራ ቀን የተቆረጠላቸው ሰዎች ሳይቀሩ መንገዳቸው ተሰርዟል። ጥፋቱ የእነዚያ ሰዎች አልነበረም፤ ሊያደርጉት የሚችሉትም ነገር አልነበረም።

ከዚህ የተለየ፣ በሙያ የሚኬድበት መንገድ አለ። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2018 ሙያ ያላቸውን ስደተኞች በሥራ በኩል ለመቀበል ሙከራ ጀምራ ነበር። እንዲህ ያሉ መንገዶች ጠባቦች ናቸው፣ ደንባቸውም ይለዋወጣል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ እንዲህ ያለው በር ሲከፈት የሚጠይቀው የቋንቋ ችሎታና በማስረጃ የተደገፈ የሥራ ልምድ ነው። ቤት ተቀምጦ የጠበቀው ሰው ይህን አያሟላም፤ በአነስተኛ ክፍያ ሲሠራ የቆየው ግን ያሟላ ይሆናል። ፋይሉ ደግሞ ሰው ሠራም ተቀመጠም በራሱ ጊዜ ይሄዳል። ሥራ በመያዛችሁ ፋይላችሁ ይዘጋል የሚል ወሬ ከሰማችሁ ወደ ጥበቃ ክፍሉ ሄዳችሁ ጠይቁ እንጂ በወሬ አትወስኑ። ደላሎችንም ተጠንቀቁ። የሪሴትልመንት አገልግሎት በነፃ ነው። ገንዘብ የጠየቃችሁ ሁሉ፣ የቢሮ ባጅ ቢያንጠለጥልም፣ አጭበርባሪ ነውና አመልክቱ።

በመጨረሻው ዓመት የሚሠራ ሥራ

ከላይ ስለ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ያነሳነው ለዚህ ነው። ተማሪ ሳላችሁ የሚከፈቱ በሮች ከምረቃ በኋላ ይዘጋሉ። ኬንያ ውስጥ አብዛኛው ኮሌጅ ተማሪውን ለአታችመንት ይልካል። ብዙዎች ይህን ሦስት ወር ለማሳለፍ ያህል የቀረበውን ቦታ ይይዛሉ። እኛ የምንለው ከመላው ዓመት ይህን ጊዜ አብልጡት ነው። ለአታችመንት የሚቀበል ድርጅት ያወቀው ተማሪ፣ በኋላ የሥራ ፈቃድ ደብዳቤ የሚጽፍለት አሠሪ ሊያገኝ ይችላል። ዶሮዋና እንቁላሏ የሚላቀቁት ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ማንነታችሁን ሳያውቅ በማመልከቻ ብቻ ለስደተኛ ፈቃድ የሚያወጣ አሠሪ እምብዛም አላየንም።

ስለ ስምና ስለ ልደት ቀን በሰፊው እንናገር፤ ቀላል መስሎ ብዙ ሰው ያስለቀሰ ጉዳይ ነውና። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም ነው ያለን። ድንበር ላይ የመዘገበን ሰው እንደሰማው ጻፈ። ኮሌጁ ደግሞ ከሁለተኛ ደረጃ ሰርተፊኬቱ ላይ ገለበጠ። «ተስፋዬ» በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ይጻፋል። አንዱ ወረቀት ላይ የአያት ስም መጨረሻ ይመጣል፣ ሌላው ላይ ጭራሽ የለም። አሠሪው ወይም የኢሚግሬሽን ጸሐፊው መታወቂያውንና ዲፕሎማውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሁለት ሰው ያያል።

የልደት ዓመቱም እንዲሁ ነው። እናት «ልጄ በ1994 ተወለደች» ብላ በእኛ አቆጣጠር ትናገራለች፤ መዝጋቢው ያንኑ 1994 እንደ ፈረንጅ ዓመት ይጽፈዋል። በፈረንጅ 2001 ወይም 2002 መሆን የነበረበት ልጅ በአንድ ብዕር ሰባት ስምንት ዓመት አረጀ። የዕድሜ ገደብ ባለው የትምህርት ዕድል ላይ ይህ ልጁን ከውድድር ያስወጣዋል። ከዲፕሎማው ኅትመት በፊት ለኮሌጁ ሬጅስትራር ማሳወቅ ቀላል ነው። ከታተመ በኋላ ግን ቃለ መሐላ፣ ምልልስና ወጪ አለው። የስደተኛ መታወቂያው ላይ ያለው ከሆነ ስሕተቱ፣ እርማቱ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ዛሬ ጀምሩ።

የቀረውን ባጭሩ እንበል። በኮሌጁ የቀረ ዕዳ ካለ ሰርተፊኬት አይሰጥም፤ የትምህርት ዕድሉን የሚከፍለው ድርጅት ሁሉን ከፍሎ መጨረሱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የግብር ቁጥር አውጡ። ሥራችሁን የሚያውቁ ሁለት ሦስት መምህራንን አድራሻ ያዙ። የሰነዶቹን ቅጂ በአንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጡ። የታራች ወንዝ ሞልቶ ሲወጣ ለዲፕሎማ አይራራም።

ከቤተሰብ ጋር መነጋገር

ወደ ተማሪዋ እንመለስ። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሳ መጣችና ከአባቷ ጋር የተነጋገሩትን ነገረችን። በፈቃዷ እንጽፈዋለን።

አባትየው ትንሽ ሻይ ቤት አላቸው። ጠዋት ሻይና ብስኩት፣ ቀን እንጀራ በወጥ ያቀርባሉ። ማታ ከተዘጋ በኋላ «ልጄ፣ አንቺ ስትመረቂ የእኛም ስም ይወጣል» አሏት። እርሷም «አባባ፣ ዲግሪ ስም አያስወጣም። እነርሱ የሚያዩት ሌላ ነው» አለቻቸው። አባትየው ዝም አሉ። ቆይተው «ታዲያ ለምን ተማርሽ?» አሏት።

«የምመልሰው አጣሁ» አለችን። «እርሳቸው በክፋት አይደለም የጠየቁኝ። ከልባቸው ነው የጠየቁኝ።»

እንዲህ ዓይነት ንግግር ብዙ ቤት ውስጥ ሳይደረግ ይቀራል። ልጅ አባቱን ላለማሳዘን ይደብቃል፤ አባት ልጁን ላለማስጨነቅ አይጠይቅም፤ ከምረቃው በኋላ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይደነግጣሉ። የ2025ቱን የራሽን ቅነሳ ያየ ቤተሰብ ከተመራቂው ልጅ ገንዘብ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ለምን እንደሚጠበቅ ካልተነገረ፣ ልጁ ያገኘውን የመጀመሪያ ሥራ ይዞ ሙያውን ይጥላል፤ ወይም የሚልከው ሲያጣ ስልኩን ያጠፋል። ስልክ ያጠፉ ተመራቂዎችን እናውቃለን። ናይሮቢ ውስጥ ያለ ወረቀት፣ ሰው ቤት ተጠግተው፣ «ሥራ ይዣለሁ» እያሉ የሚኖሩ አሉ።

ተማሪዋ በቀረው የዕረፍት ጊዜ የአባቷን የዱቤ ደብተር ወሰደች። ማን ስንት እንዳለበት ብቻ ነበር የተጻፈበት። ወጪ የሚባል ዓምድ አልነበረውም። ከሰሉን፣ ስኳሩን፣ ውሃ ቀጂውን፣ በየቀኑ የሚደፋውን ወጥ ሳይቀር ለሦስት ሳምንት ጻፈች። ሻዩ ያተርፋል፤ የቀኑ ምግብ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ያከስር ነበር። አባትየው መጀመሪያ ተቆጡ። «ሃያ ዓመት የሠራሁበትን!» አሉ። ከዚያ እነዚያን ሁለት ቀናት ምግቡን ቀነሱት። አመኑ ማለት አይደለም፤ ተማሪዋ እንዳለችው አሁንም ለጎረቤት ሲያወሩ «ትመረቅና እንሄዳለን» ይላሉ። ደብተሩን ግን እርሷ በሠራችላቸው መስመር መጻፍ ቀጥለዋል።

ለራሷ የያዘችው ዕቅድ የአንድ ዓመት ብቻ ነው። ለአታችመንት ናይሮቢ ውስጥ የስደተኞችን ጉዳይ በሚያውቅ አንድ ድርጅት የሒሳብ ክፍል አመልክታለች። ከተመረቀች በኋላ አሠሪው ደብዳቤ ከጻፈላት የ«ኤም» ፈቃድ ትጠይቃለች። ካልጻፈላት ወደ ካኩማ ተመልሳ የሒሳብ ነክ ኢንሴንቲቭ ትይዛለች፤ ማታ ማታ ለካዝኔብ ፈተና ታጠናለች፤ የአባቷንና የሦስት ጎረቤት ዱካዎችን መዝገብ በትንሽ ክፍያ ትይዛለች። ከዓመት በኋላ እንደገና ታስባለች። መታወቂያዋ ላይ የአያቷ ስም ስለተዛባ እርማት ጠይቃለች፤ ይህን ጽሑፍ ወደ ኅትመት እስከላክንበት ቀን ድረስ መልስ አልመጣላትም።

ለውይይት

በየሠፈሩ ያሉ የንባብ ክበቦች በሚከተሉት ላይ እንዲነጋገሩ እንጋብዛለን። በቤታችሁ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ካለ፣ ከእርሱ ምን እንደምትጠብቁ በቃል ነግራችሁታል? የኢንሴንቲቭ ሥራን አንድ ተመራቂ እስከ መቼ ሊይዘው ይገባል ትላላችሁ፣ ለምንስ? አባትየው «ታዲያ ለምን ተማርሽ?» ሲሉ እናንተ በተማሪዋ ቦታ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር? ተመራቂዎች ደግሞ መታወቂያችሁን፣ የኮሌጅ ወረቀታችሁንና የሁለተኛ ደረጃ ሰርተፊኬታችሁን ይዛችሁ ኑና ስማችሁ፣ የልደት ዓመታችሁም፣ በሦስቱም ላይ አንድ መሆኑን እርስ በርስ ተያዩ። ልዩነት ያገኘ ሰው በሥራ ቀናት ጠዋት ወደ ቢሯችን ቢመጣ የእርማት ማመልከቻውን አብረነው እንጽፋለን። መልሶቻችሁን በጽሑፍ ብታደርሱን በሚቀጥለው እትም እናወጣቸዋለን።